እንደ እኔ ኑሪበት

ከሁለት ቤቶች አንዱን ለመምረጥ ሁለት ወር ሙሉ አዳማን ስዞር ከረምኩ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከጅቡቲ ሲመለስ አንድ ቀን አድሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ ቤት መፈለጉ የእኔ፣ በስልክ አስተያየት መስጠቱ የእሱ ድርሻ ሆነ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረናል። ምን ዓይነት ቤት እንደምፈልግ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነበር፦ እሱን ከመንገድ የሚያስቀርልኝ። ሰው ይስቃል። እኔ ግን የምሬን ነበር።

አዲሱ ቤት ከተማው ዳር፣ ነፋስ የማያርፍበት ሜዳ ላይ ከተሠሩት አንዱ ነው። ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፤ የበሮቹ እጀታ ገና ላስቲኩ አልተላጠም። ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች ተሽጠዋል ቢባልም አንድም መስኮት ላይ መጋረጃ አላየሁም። ሳሎኑ መሀል ቆሜ ከባለቤቴ ጋር በስልክ ሳወራ ድምፄ ከመኝታ ቤቱ በኩል ዘግየት ብሎ ይመለስልኛል። አንዱን በር ስዘጋ ሌላው ይከፈታል። "ነፋስ ነው" አለኝ ዘበኛው፣ ሳልጠይቀው። ፈራሁ። ሰው ኖሮበት የማያውቅ ቤት እንደሚያስፈራ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ልቤ ወደ አሮጌው አደላ። ዋናው መንገድ አጠገብ፣ ትልቅ የኒም ዛፍ ያለበት ግቢ ነው፤ መኪናው ከነተሳቢው ይገባበታል። ደላላው "ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል" እያለ አጣደፈኝ። ደላላ ራሱ ሰይጣን ሲያነሳ ነገር እንዳለ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሻጯ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። መጀመሪያ የሄድኩት ከቀትር በኋላ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ምሳ ቀርቦ ነበር፤ አንዱ ተበልቷል፣ ሌላው እንደተከደነ ነው።

"እንግዳ አለብዎት እንዴ?" አልኳቸው።

"የለም፣ ልጄ። ዘግይቶ ነው።"

ደላላው ጓሮውን ላሳይሽ ብሎ አወጣኝ። ባላቸው ሹፌር ነበሩ አለኝ። መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ከአሰብ ሲመለሱ "ወለንጪቲ ደርሻለሁ፣ ለምሳ እገባለሁ" ብለው በሰው ላኩ፤ ከዚያ ወዲያ እሳቸውም መኪናቸውም አልታዩም። ከወለንጪቲ አዳማ እኮ ቅርብ ነው፤ ሰው የሚጠፋበት መንገድ አይደለም። አሁን አሮጊቷን አቅም ስለከዳቸው የእህታቸው ልጅ ቢሾፍቱ ልትወስዳቸው ነው፤ የሚሸጡት ለዚህ ነው።

ያኔ መተው ነበረብኝ። አልተውኩም፤ ጭራሽ ነገሩን ያከረርኩት እኔ ነኝ። እናቴ ሻጭ ያለቀሰበት ቤት አይበረክትም ትላለች፤ ሻጩ በገዛ አፉ ካልመረቀ ገዢው ዕድሜውን ሙሉ ተከራይ ነው። እኔም የእናቴ ልጅ ነኝና "ቀብዱን የምሰጠው ሲመርቁኝ ነው" አልኩ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደላላውና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ምስክር ሆነው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ባለቤቴ እየነዳ ወደ ቤት ይመጣ ነበር፤ ምርቃቱን እሱም እንዲሰማ ስልኬን ድምፁን ከፍቼ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። አሮጊቷ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ።

"ቤቱ ይቅናሽ፣ ልጄ።"

"አሜን" አልን።

"እህል ውኃው አይጉደልብሽ።"

"አሜን።"

"እንደ እኔ ኑሪበት። እኔ እንደጠበቅሁት ጠብቂው። እንደ እኔ እዚሁ አርጂበት።"

በክፋት አልነበረም። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ያላቸውን ትልቁን ነገር እየሰጡኝ ነበር። ለምርቃት አሜን አለማለት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። አፌ ግን እምቢ አለኝ። ሽማግሌዎቹ ቀና ብለው አዩኝ፤ ደላላው በክርኑ ጎሰመኝ። ያኔ ከወንበሩ ላይ፣ ከሞተር ጩኸት ጋር ተደባልቆ፣ "አሜን፣ አሜን" የሚል የወንድ ድምፅ መጣ።

አሮጊቷ ወደ ወንበሩ ዞሩ። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ።

"የት ደርሰሃል?" አሉ። ድምፃቸው የወጣት ሴት ነበር።

"ወለንጪቲ ደርሻለሁ" አለ ባለቤቴ፣ ምኑንም የማያውቀው። "ለምሳ እገባለሁ።"

አሮጊቷ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ እኛንም ምርቃቱንም ትተው፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ ወደ ማዕድ ቤት ገቡ። ሰሃን ሲያወጡ ይሰማኝ ነበር። ቀብዱን ከነቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ።

ባለቤቴ በእርግጥም ለምሳ ደረሰ። የኪራይ ቤታችን በር ላይ ክንዱን ይዤ ቆየሁ፤ ሰው መሆኑን ማረጋገጥ ፈልጌ ነበር። የሆነውን ሁሉ ስነግረው ሳቀ። "አርጅተዋል፣ ምን ይደረጋል" አለ።

"አዲሱም ይሁን አሮጌው ግድ የለኝም" አልኩት። "የቱን ብንገዛ ነው መንዳት ትተህ አብረኸኝ የምትኖረው?"

ለሰው ሁሉ እንደ ቀልድ የማወራውን ለእሱ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም ነበር። ለማያውቃቸው ሴት ፈጥኖ አሜን ያለ ሰው ተነሥቶ እጁን ታጠበ፣ ሰዓቱን አየ፣ ነገ የሚጭነው ዕቃ እንዳለ ነገረኝ።

በሳምንቱ፣ እሱ መንገድ ላይ ሳለ፣ የአዲሱን ቤት ውል ብቻዬን ፈረምኩ።