ከልስኑ ሥር የተገኘው በር

ልብስ ሰፊዋ እዚያ ሕንፃ የገባችው በሃያ ሦስት ዓመቷ፣ ሙሽራ ሆና ነው። ሕንፃው ከጦርነቱ በፊት የተሠራ ባለ አምስት ፎቅ ነው። የደረጃው ድንጋይ ከመረገጥ ብዛት መሐል መሐሉ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል፤ ጣሪያው ደግሞ ከከፍታው የተነሣ አምፖል ለመቀየር ጠረጴዛ ላይ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ባል ያስፈልጋል። የአውቶቡስ ሾፌር የነበረው ባሏ፣ የመጀመሪያ ቀን የስፌት መኪናዋን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ትንፋሽ አጥሮት ደረጃው ላይ ቁጭ አለና፣ «ከዚህ ቤት ሬሳዬ ካልሆነ እኔ አልወርድም» አላት። ቃሉንም አከበረ፤ ሠላሳ ዓመት በደስታ ኖሮበት ሞተ። አንዲት ልጃቸው አግብታ ሌላ ከተማ ሄደች። ሴትዮዋ ከመኪናዋ ጋር ቀረች።

የምትኖርበት ቤት ድሮ የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ባለ ስምንት ክፍል ቤት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የቤት ችግር ሲመጣ ለሁለት ተከፈለ። ያካፈለው ሰው ማን እንደሆነ ባይታወቅም፣ እጁ ለማካፈል የተፈጠረ አልነበረም። ለእሷ ወገን ግቢውን የሚያይ ባለ ሰፊ መስኮት ወጥ ቤት ደረሳት፤ መታጠቢያዋ ግን ቁም ሣጥን የሚያህል ስለሆነ ቆማ ነው የምትታጠበው። ለጎረቤቷ ደግሞ ሰው ተዘርሮ የሚተኛበት የብረት ገንዳ ደረሰው፤ ወጥ ቤቱ ግን የኮሪደር ጫፍ ነው፣ ድስት ሲያማስል ክርኑ ግድግዳ ይመታል።

ጎረቤትየው ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት መጥቶ ከገባ ጀምሮ የሕንፃው ሰው «ጋሽ ጸጥታ» ይለዋል። ሠላሳ አራት ዓመት የልጅ ጫጫታ ሰምቶ ከእንግዲህ የሚፈልገው ዝምታ ብቻ ነበር፤ ዕድል ግን ከስፌት መኪና ጋር ግድግዳ አጋራችው። መኪናዋ ሲጮህ በመጥረጊያ እንጨት ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ይመታል። እሷ ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ልትጨርሰው የነበረውን ስፌት ሆን ብላ ታስረዝማለች። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ግን ሁለቱም ጨዋ ናቸው።

«እንደምን ዋሉ መምህር?»

«ደኅና፣ እርስዎስ?»

በዚህ ዓይነት ዘጠኝ ዓመት ሆድና ጀርባ ሆነው ኖሩ።

አንድ ሰኞ ጠዋት በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ውስጥ ያለፈው ቧንቧ አፈሰሰ። የቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ በመሮ ልስኑን መፈቅፈቅ ሲጀምር፣ ውኃ ሲጠጣ የከረመው ልስን እንደ ቆዳ ተገሽልጦ ባንዴ ወረደ። አቧራው ሲረጋ ሠራተኛው ወደ ኋላ ዞረ።

«እትዬ፣ ይሄ ግድግዳ አይደለም» አላት።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«በር ነው።»

እውነትም በር ነበር። ጠንካራ እንጨት፣ ባለ ሁለት መዝጊያ፣ ዙሪያውን ቅጠል የተቀረጸበት፣ የነሐስ እጀታው አረንጓዴ የሆነ። ገና አፏን ከፍታ ስታየው፣ በወዲያኛው በኩል ድምፁ ያስቆጣው መምህር በመጥረጊያው ሦስት ጊዜ መታ። የተመታው አሁን በር ስለሆነ፣ ልማድ አይለቅምና ምላሷ ቀደማት። «ይግቡ» አለች።

ቧንቧ ሠራተኛው መሮውን ጥሎ ሳቀ።

ሁለቱም በሩ እንዲደፈን ፈለጉ። ሕንፃው ግን በቅርስነት የተመዘገበ ነው። ከቅርስ መሥሪያ ቤቱ አንዲት ሴት ካሜራ አንጠልጥላ መጣችና በሩን ከሁለቱም ወገን አስጠርጋ፣ ፎቶ አንስታ፣ «አይነሣም፣ አይሸፈንም» ብላ ሄደች። ተቃውሞ ጻፉ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ያ ማመልከቻ ነው። መልሱም ባለ ማኅተም ደብዳቤ ሆኖ መጣ፤ አይነሣም፣ አይሸፈንም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በመጨረሻ አናጢ ጠርተው በየበኩላቸው መቀርቀሪያ አስገጠሙ። በሩ እንግዲህ ሁለቱም ካልፈቀዱ አይከፈትም።

በሩ ደግሞ እንደ ግድግዳው አልነበረም፤ ትንፋሽ ሳይቀር ያሳልፋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ለአንድ የዳንስ ቡድን ክብ ጉርድ ልትቆርጥ ጨርቁን ወለል ላይ ዘርግታ፣ እንደ ልማዷ ከራሷ ጋር ታወራለች። «ወገብ ስልሳ ስድስት። ለስድስት ሲካፈል አሥራ አንድ። ትንሽ ቅንስ… አሥር ተኩል።»

«ለምን ቀነሱ?» አለ በሩ።

ደንግጣ መቀሷን ጣለች። «ምን አሉ?»

«አሥራ አንድ ካሉ በኋላ ግማሿን ለምን ቀነሱ?»

«ካልቀነስኩማ ወገቡ ይሰፋል።»

«ማን አስተማረዎት?»

«እናቴ። ለስድስት አካፍለሽ ትንሽ ቅንስ አድርጊ ትለኝ ነበር።»

የእሱ መቀርቀሪያ ሲንሸራተት ሰማች። «እባክዎ የእርስዎንም ይክፈቱልኝ» አለ። ጥቂት አመነታችና ከፈተች። ጋሽ ጸጥታ እርሳስና ወረቀት ይዞ ቆሟል። ፈቃድም ሳይጠይቅ ጨርቁ አጠገብ ተንበረከከ፤ በሜትሯ ለካ፣ ወረቀቱ ላይ አካፈለ፣ እንደገና አካፈለ።

«አሥር ነጥብ አምስት» አለ ቀስ ብሎ። «ልክ ነዎት። ሠላሳ አራት ዓመት ተማሪዎቼ የክብ ሒሳብ ለምን ይጠቅማል እያሉ ጠየቁኝ። ለፈተና ነው እያልኩ ሸኘኋቸው።»

«ለጉርድ ነው» አለችው።

ሳቀ። ሲሳል ሰምታዋለች፣ ሲያዛጋ ሰምታዋለች፣ ሲስቅ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች ጠየቃት። ስድስተኛ ላይ እናቷ ታማ መኪናውን እንደተረከበች፣ ከዚያ በኋላ ደብተር እንዳልያዘች ነገረችው።

«ታዲያ ለምን ስምንተኛን አይፈተኑም?»

«በስልሳ አንድ ዓመቴ?»

«እሱ ቁጥር ነው። ቁጥር ደግሞ እርስዎን አያስፈራዎትም።»

ሁለት ቀን አሰበችበት። በሦስተኛው ቀን ደብተር ገዛች።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱም መቀርቀሪያዎች ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ክፍት ሆኑ። መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ጨርቁ ይነሣና ደብተር ይዘረጋል። የማይታወቅ ቁጥር በፊደል መጻፉ መጀመሪያ አስጨነቃት፤ ኋላ ግን፣ «ገና ያልተለካ ደንበኛ ማለት ነዋ» አለችና ገባት። መምህሩ ይህችን አባባል በወረቀት ጽፎ ኪሱ ከተተ። ታሪክ ግን አልሆነላትም፤ ነገሥታቱን ከነዓመተ ምሕረታቸው ትደባልቃለች። እሱ ቁጡ ነው፣ እሷም የዋዛ አይደለችም፣ ስለዚህ በሩ ሁለት ጊዜ በኩርፊያ ተዘግቷል። ሁለቱንም ጊዜ በሦስተኛው ቀን ከሁለት አንዳቸው አንኳኳ።

ኑሮውም ተቃለለ። እሱ ድስቱን ይዞ ወደ እሷ ሰፊ ወጥ ቤት መጥቶ ያበስላል። እሷ ደግሞ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቆማ የታጠበች ሴት፣ እሱ ገበያ ሲወጣ ገንዳው ውስጥ ሞቅ ያለ ውኃ ሞልታ እስከ አገጯ ትዘረራለች። መጀመሪያ ቀን እዚያው እንቅልፍ ወስዷት መምህሩ ገብቶ እንዳያሳፍራት ዳቦ ይዞ ደረጃ ላይ አንድ ሰዓት ጠበቀ።

ሐሜት እንደሆነ ደረጃ መውጣት አይደክመውም። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ አስቁማት፣ «እትዬ፣ በሩ ተከፈተ የሚባለው እውነት ነው?» አለቻት።

«እውነት ነው።»

«ለምን ቢሆን?»

«ለክፍልፋይ» አለቻትና አልፋት ሄደች።

ልጅዋም ደወለች። «እማዬ፣ ሰውየው እንዴት ያለ ሰው ነው?»

«ቁጡ ነው። ሲያስረዳ ግን ይደጋግማል።»

ፈተናው ሊደርስ ሲል አንድ ሳምንት ልጅዋን ጠይቃ ተመለሰች። መምህሩ ዓይኑ ቀልቶ ቆያት። ታሞ እንደሆነ ስትጠይቀው፣ «የቀን እንቅልፌ ጠፋ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «መኪናው ካልተሰማ እምቢ አለኝ።» ከአፏ ሊያመልጥ የነበረውን ሁሉ ዋጠችና መኪናው ላይ ተቀምጣ የአንድ መጋረጃ ጠርዝ ሰፋች። ሳትጨርስ ሲያንኮራፋ ሰማችው።

የፈተናው ቀን አዳራሹ ውስጥ ስትገባ ወጣቶቹ ተፈታኞች ፈታኝ መስላቸው ብድግ አሉ። «ተቀመጡ» አለቻቸው፤ ሌላ ምን ትበል። ከዚያ ሄዳ ከመካከላቸው ስትቀመጥ ያኔ ነው የገባቸው።

ውጤት ሲለጠፍ አብረው ሄዱ። መነጽሯን ረስታ ስለነበር እሱ አነበበላት። ሒሳብ ዘጠና አራት። ታሪክ ሃምሳ አንድ። አልፋለች። እጇን ወዴት እንደምታደርገው ጠፋትና የቦርሳዋን ማንገቻ ደጋግማ አስተካከለች። እናቷ ትዝ አለቻት፣ እንባዋም መጣ፤ በመሐረቧ ጫፍ ጠረገችው። እሱ ግን ሰሌዳው ላይ አፍጥጦ፣ «ስድስቷ ነጥብ የት ገባች?» እያለ ይነጫነጫል። ቢሮ ገብቶ ሊጠይቅ ሲል ክንዱን ይዛ አስቀረችው።

ደረጃውን ወጥተው አራተኛ ፎቅ ሲደርሱ ቆም አለና ኮቱን ቆለፈ። «እንኳን ደስ አለሽ» አላት። በዘጠኝ ዓመት ከነምናምኑ አንቺ ብሏት አያውቅም።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን» አለች። «ና ግባ፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ምን ምን እንዳለ ንገረኝ።»

«ፊዚክስ አለ» አለ መምህሩ፣ ጥቂት አፍሮ። «እሱ ላይ እኔም ይህን ያህል አልነበርኩም።»

«እንግዲያው ደብተር ሁለት እንገዛለን» አለችና ቁልፏን አወጣች።