ለጎረቤት የላክሁት ሽማግሌ

ስደተኛ በበዛበት በቫይትቬት ሰፈር ካለው ሕንፃችን ፈረንጆቹ የሚለቁበትን ጊዜ አውቀዋለሁ። ልጃቸው ስድስት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ባርነሃገ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ከእኛ ልጆች ጋር አብሮ ይውላል፤ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል ግን ቤቱ ይሸጣል።

ከእኛ በታች ያሉት ባልና ሚስት አይሄዱም ብዬ ነበር። ሴት ልጃቸውና የልጅ ልጄ አብረው ነው ያደጉት። አንደኛ ክፍል እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደሚገቡ ላገኙት ሁሉ ሲያወሩ ከርመዋል። በፋሲካ ሰሞን ቤታቸው መሸጡን ሰማሁ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ይህ ፍርደ ገምድልነት መሆኑን ለማወቅ ግን ትምህርት አያሻም። የአገሩን ቋንቋ ከቤታቸው ይዘው የሚመጡት ሁሉ ከሄዱ የእኛዎቹ ከማን ጋር ሊያወሩት ነው? በኋላ ደግሞ "እዚያ ትምህርት ቤት ቋንቋ የሚችል የለም" የሚሉት እነሱው ናቸው።

ሽማግሌ ልልክ ቆረጥኩ። ልጄ ስትሰማ ራሷን ያዘች።

"እማዬ፣ ቤታቸውን እኮ ነው የሸጡት! መቼ ተጣሉሽ?"

"ሳይጣሉኝ መሄዳቸው ነው የባሰው" አልኳት።

ከቤተ ክርስቲያን ሁለት አዛውንት ለመንኩ። አንደኛው ከጎናችን ያለው ሰፈር፣ የግሮሩድ ሰው ነው፤ ብዙ ዘመን አውቶቡስ ስለነዳ ቋንቋው አያስቸግረውም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላችንን እንዳጣፋን በሩን አንኳኳን። ባልና ሚስቱ ሰው የሞተ መስሏቸው ደነገጡ። አስገብተው ዋፍል የሚሉትን ቂጣቸውን ጋገሩልን። እኛ እንደ ወጉ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም፣ አንቀምስም አልን። እነሱም ብቻቸውን መቀመጥ አፈሩ። አምስታችን በዚያች ጠባብ ሳሎን እንደቆምን ዋፍሉ ቀዘቀዘ።

ባለአውቶቡሱ ተናገረ። ልጆቹን አትለያዩብን፣ ትምህርት ቤቱ የሁላችንም ነው አለ። ሴትዮዋ እንባ አቅርራ እጄን ያዘችኝ። ትምህርት ቤቱን ይወዱታል፤ የሚሄዱት ግቢ ያለው ቤት ስላገኙ ብቻ ነው፤ ልጅቷም እየመጣች ትጠይቃለች አለች። አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። ብትሰድበኝ መልስ ነበረኝ። ለእንባ ምን ይመለሳል? ሳንቀምስ ወጣን።

"ውሸታሞች!" አልኩ ደረጃው ላይ።

ባለአውቶቡሱ ጉሮሮውን ጠረገ። "እትዬ፣ የኔም ልጅ እኮ አምና ልጆቹን ይዞ ከግሮሩድ ወጣ።"

"ለምን?"

"ግቢ ያለው ቤት ፈልጎ።"

"ታዲያ እነሱ ፊት ያን ሁሉ ምን ያናግርሃል?"

"ላክሽኝ፤ የላክሽኝን ተናገርኩ" አለና የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ወረደ።

ትምህርት የተከፈተ ቀን የልጅ ልጄን ወሰድኳት። ግቢው ውስጥ የሶማሌው፣ የፓኪስታኑ፣ የታሚሉ፣ የእኛም ልጆች አምሮባቸው ተሰልፈዋል። እያንዳንዱ ልጅ ስሙ ሲጠራ ወጥቶ የመምህሯን እጅ ይጨብጣል። የልጅ ልጄ ስሟ ቢጠራም አልነቃነቅ አለች። ቀሚሴን ይዛ የጓደኛዋን ስም ትጠብቃለች። መሄዷን ስንት ጊዜ ነግረናታል። ጥሪው አለቀ።

"እማማ፣ ረስተዋት ነው" አለችኝ። "ሂጂና ንገሪያቸው።"

ለሁሉም ነገር ሄጄ የምናገር መሆኔን ታውቃለች። የቦርሳዋን ማንገቻ አጠበቅኩላትና፣ "መምህርሽ እየጠበቀችሽ ነው፤ ሂጂ" አልኳት።