ለእታበባ የተላከ ጫካ

ትናንት የሥዕል አስተማሪዬ ደውለው፣ «ብርቄ፣ የጫካ ሥዕሎችሽ ደብረ ብርሃን አዳራሽ ሊሰቀሉ ነው፤ ከጎናቸው የሚለጠፈውንም ጽሑፍ ራሷ ትጻፈው ተብሏል» ሲሉኝ፣ ስልኩን እንደያዝኩ ግቢውን እየዞርኩ ጮህኩ፤ የጎረቤታችን ውሻ ሌባ የገባ መስሎት አብሮኝ ጮኸ። የደስታዬ ግማሽ የመጻፉ ነው። እስከ አምና ድረስ ድርሰት ጻፉ ስንባል «ስሜ ብርቄ ይባላል» ብዬ እዚያው የምደርቅ ልጅ ነበርኩ፤ ዘንድሮ ግን እጄ ተፈታ መሰለኝ፣ ወረቀት ያልቅብኛል እንጂ ወሬ አያልቅብኝም።

ብቻ ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ጎትቼ ሥዕሎቹን ምንጣፍ ላይ ስደረድር፣ ያ ሁሉ ጩኸት ቀስ እያለ ከውስጤ ወረደ። ውሃ ጠጥቶ የደረቀ ወረቀት የራሱ ሽብሽብ አለው፤ ጣቴ ሽብሽቡ ላይ ሲያልፍ የስምንተኛ ክፍሏ ብርቄ ሆንኩ፤ ከጎረቤላ ከተማ አለፍ ብሎ ጫካው ጥግ ባለችው ቤታችን ደጃፍ፣ ጉልበቴ ላይ ሰሌዳ አስደግፌ፣ ጉሙ ከቆላው በኩል እየወጣ ዝግባዎቹን ከእግራቸው ጀምሮ ሲውጣቸው የምመለከት ልጅ።

እኅቴን እታበባ ነበር የምላት። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ተቀጥራ በመጀመሪያ ደሞዟ ለእናታችን ነጠላ፣ ለእኔ ደግሞ ክዳኑ ድስት የሚያህል የውሃ ቀለም ገዛችልኝ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ስገባ ሆዷ ውስጥ የማይድን ነገር በቀለባት። ሐኪም ቤት እንዲቀርባት ተብሎ እዚያው ደብረ ብርሃን፣ ሚኒባስ ሹፌር በሆነው በአጎታችን በጋሼ ንጉሤ ቤት ተኛች፤ እናቴም ልታስታምማት ሄደች። አባታችን ቀደም ብሎ አርፏል፤ ስለዚህ እኔ ከአክስቴ ከእትዬ ዘነበች ጋር ቀረሁ። የክልል ፈተና ስላለብኝ ከትምህርቴ እንዳልቀር ተባለ። እታበባ ግን በጋሼ አፍ መልእክት ላከችብኝ፤ «ጫካው ናፍቆኛል፤ እየሳልሽ ላኪልኝ።»

በቃ፣ ያን ዓመት ሥራዬ ይኸው ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሼ ገበያተኛ ጭኖ ሲመጣ ሥዕሉን እሰጠዋለሁ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና የመኪናው በር ሳይከፈት «ምን አለች?» እላለሁ።

«አረንጓዴው በዛ፣ ጎመን መሰለ አለች» አለኝ የመስከረሙን።

ጎመን! አኮረፍኩ። ሆኖም ጫካውን እንደ አዲስ ሳየው ጥዱ ወደ ጥቁር፣ አስታው ወደ ግራጫ፣ ወይራው እንደ አሮጌ ብር ነው፤ ለካ ጫካ አንድ አረንጓዴ የለውም። ኅዳር ላይ አመዳይ ሲጥል ኩባያዬ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ረጋ፤ ብሩሼ እንደ ሚስማር ቆመ፤ በትንፋሼ እያሟሟሁ ሳልኩ። ታኅሣሥ ላይ ኮሶው ቁልቁል ተንዠርግጎ ሲያብብ «ቀባሽው እንጂ አላንጠለጠልሽውም» አለች ተባልኩ። የካቲት ላይ የመጣው ቃል ግን ሠዓሊ ያደረገኝ ነው፤ «ጉሙን አትሳይው። ወረቀቱን ዝም ብለሽ ተይው፣ ራሱ ይመጣል።» ተውኩት፤ እውነትም መጣ። እታበባ ትራስ ተደግፋ፣ ዓይኗን አጥብባ ሥዕሌን ስታገላብጥ ይታየኝ ነበር። እንዲህ የምታይ ሰውማ እየተሻላት ነው እል ነበር ለራሴ።

በልግ ገባ። አንድ ቀን ከጥዶቹ መሐል አክስቴ ከሩቅ ብቅ ስትል፣ ትንሽ አድርጌ ሥዕሉ ውስጥ አስገባኋት። ነጭ ነጠላ፣ ጥለቱ አንገቷ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ መስመር። ያን መስመር በአንድ ትንፋሽ አስምሬው ስለነበር ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ጋሼ ሥዕሉን አየው፤ ደግሞ አየው፤ ተሳፋሪዎቹ «ሹፌር! ሰው ነው የምትጭነው ቅጠል?» ብለው እስኪጮሁበት ድረስ አልተነሣም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ «ሰው አታስገቢ አለች፤ ዛፍ ብቻ» አለኝ።

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ! የበሽተኛ ጠባይ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሰው አልሳልኩም።

ሰኔ ላይ ፈተናው አለቀ። በማግሥቱ ገና ጎህ ሲቀድ ደጃችን ሰው ሞላ፤ የነፍስ አባታችን ከፊት፣ ጋሼ ከኋላ፣ እናቴ ጥቁር ለብሳ በሁለት ሴቶች ተደግፋ። መርዶ መሆኑን ያወቅኩት ማንም አፉን ሳይከፍት ነው። እታበባ ያረፈችው ከጥምቀት በኋላ ነበር። ደብረ ብርሃን ተቀብራለች። የመንደራችን ሰው ሁሉ ለቀብሯ ሲሄድ እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ የጥር ወር ነውና «ሰርግ ነው» አሉኝ፤ አክስቴ ዓይኗ አብጦ ስትመለስ «ለእኔ ዳቦ እንኳ አልያዝሽልኝም?» ብዬ የነጫነጭኳት እኔ ነኝ። ልጅቷ ፈተናዋን ትጨርስ ብለው፣ አንድ አገር ሙሉ እንባውን ከእኔ ደበቀ። እናቴ በጥቁር ልብስ ቤቷ መግባት ስላልቻለች ያን ሁሉ ጊዜ ከተማ ቀረች። ጎረቤቶቻችን በሐዘን የዘቀዘቁትን ነጠላ እኔ ብቅ ስል ያቃኑት ነበር። አክስቴን ጫካው ውስጥ የሳልኳት ግን እኔን ሳታይ ነው። ጥለቱ አንገቷ ላይ ነበር፤ የሐዘን አለባበስ። በዚያ በምኮራበት ቀይ መስመር የእኅቴን ሞት በእጄ ስዬ፣ ሳላነበው ልኬዋለሁ።

ክረምቱን ሙሉ ጋሼን አላነጋገርኩትም። ቀለሙን አልነካሁም። ጉሙ ቤት ድረስ ገብቶ እናቴና እኔ መሐል ይቀመጥ ነበር ብል ማጋነን አይደለም። ዘመን ተለወጠ፣ እኛ ቤት ግን እንቁጣጣሽ አልገባም። ሞቷን መደበቃቸውን እንኳ ይቅር ልል እችል ነበር፤ አንድ ነገር ግን አላስተኛኝ አለ። ከጥር ወዲህ ያለው ቃል የሷ ካልሆነ፣ ከጥር በፊት ያለውስ? «ጎመን» ያለችኝ ማን ናት? ከእኅቴ የቀረኝ እነዚያ ቃላት ብቻ ነበሩ።

ጥቅምት ላይ ጋሼ ሥዕሎቹን በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ «የቱ ነው የሷ? እውነቱን ንገረኝ» አልኩት።

የመኪናው ደፍ ላይ ተቀመጠና ቆቡን አወለቀ። «አንዱም የሷ አይደለም፣ የኔ እናት። ሕመሙ ዓይኗን አያስገልጣትም ነበር። አንቺ ደግሞ 'ምን አለች' እያልሽ መኪናው ላይ ትንጠለጠያለሽ፤ ባዶ አፌን መምጣት ከበደኝ። በየተራዬ ወረፋ ስይዝ ሥዕሉን መሪው ላይ ዘርግቼ አየዋለሁ፤ ያየሁትን አመጣልሻለሁ። ሹፌር ከጎመን ሌላ ምን ያውቃል?»

እታበባ በዚያች ደቂቃ እንደገና ሞተችብኝ። ሥዕሎቹን ነጥቄው ልቀዳድዳቸው እጄን ስዘረጋ፣ እናቴ ከቤት ውስጥ፣ ከሐዘኑ ወዲህ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ «ተይ!» አለችኝ።

«አላየቻቸውም፤ ታሸታቸው ነበር።»

በእኛ አገር ጉም ውስጥ ወረቀት አይደርቅም። ሥዕሎቹን የማደርቃቸው ምድጃው በላይ በተወጠረ ገመድ ላይ ነበር፤ የጥድ ጭስ ጠግበው ነው የሚወርዱት።

«ሲብስባት ወረቀቱን አፍንጫዋ ላይ ታደርገዋለች» አለች እናቴ። «'የቤታችን ጭስ' ትላለች። ከዚያ ትንሽ ታሸልባለች።»

እጄን ሰበሰብኩ። ከዚያ፣ «ከሞተች በኋላ የላክኋቸውስ?» አልኩ።

«እነሱን እኔ አሸተትኳቸው።»

ይኸው ነው። ከጋሼ ጋር የታረቅነው ያን ቀን አይደለም፤ ግን በሳምንቱ ገመዱ ላይ አዲስ ሥዕል ነበር። ጋሼ ዛሬ ተሳፋሪውን ሁሉ «ጉሙን እኔ ነኝ ያሳየኋት» እያለ ያደነቁራል፤ እውነቱን ነው።

ትናንት ደስታዬ ሲበርድ እያንዳንዱን ወረቀት አፍንጫዬ ላይ አደረግኩ። ምንም የለም። ካርቶን ካርቶን ይላል። ቀለሙ አለ፣ ሽብሽቡ አለ፣ ጭሱ ሄዷል። ድምፅዋም እየሄደብኝ ነው፤ እታበባን ላስታውስ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ የጋሼ ጎርናና ድምፅ ነው፤ «ጎመን መሰለ።» ሰው እንዲህ ነው የሚያልቀው ለካ፤ አንዴ አፈር ይበላዋል፣ ከዚያ ትንሽ ትንሽ እየተባለ ከአፍንጫና ከጆሮ ይጠፋል።

አስተማሪዬ ሥዕሎቹ በመስተዋት ይታሸጉ ብለው ነበር፤ «አይሆንም» አልኳቸው፤ አሻራ ያበላሻቸዋል ቢሉኝም በእምቢታዬ ጸናሁ። ስለዚህ እናንተ፣ ከጎረቤላም፣ ከሰላ ድንጋይም፣ ከጣርማ በርም የምትመጡ፣ ኑልኝ። ብቻ አደራ፣ አዳራሽ ነው ብላችሁ ታጥባችሁ፣ ሽቶ ነስንሳችሁ እንዳትመጡ። ምድጃ ሥር አድሮ ጭስ የጠገበውን ጋቢያችሁን ሳታጥቡ ደርቡት፤ ከጓዳ እንደወጣችሁ ኑ፤ ሥዕሎቹ አጠገብ ተጠጉና ረዘም አድርጋችሁ ቁሙ።