ፍሬን የሌላት ማሽን

ደስ ይበላችሁ! ወፎቹ ያለ ጠባሳ ወጡ! አንገታቸውም አንድ አንድ ብቻ ነው! የምን ወፍ፣ የማን ወፍ እንዳትሉኝ፤ ትንፋሼን ልሰብስብና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ወፎቹ የታላቅ ወንድሜ ናቸው። ወንድም ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በእረፍት ቀኑ እንጨት ይቀርጽ ነበር፤ መሮ ከያዘ ቤት ቢቃጠል አይሰማም። ኋላ ግን እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረና መሮው አልታዘዝ አለው። ሥራው ወንበር ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ማየት ሆነ። ይህን አይታ ነው ልጁ ሲ ኤን ሲ የሚሏትን ማሽን የገዛችለት። ጠረጴዛ የምታህል፣ በኮምፒዩተር የተሳለላትን እየተከተለች እንጨት የምትቀርጽ ናት። እጁ ቢንቀጠቀጥ እሷን ምን ቸገራት! ከጓሮው ክፍል ሰጋቱራ ለብሶ ሲወጣ ሳየው እፎይ አልኩ።

አንድ አመል ግን አለው። ማሽኗ ስትሠራ አጠገቧ በርጩማ ላይ ይቀመጥና፣ መቁረጫዋ ወደ ጠርዝ በተጠጋች ቁጥር ቀኝ እግሩ ሲሚንቶውን ይረግጣል። ፍሬን መያዙ ነው! የሰፈራችን አናጢ አንድ ቀን ይህን አይቶ፣ «ጋሼ፣ እሷ ትሠራለች፣ እርስዎ ያልብዎታል። ሥራ ተከፋፍላችኋል ማለት ነው» አለው።

«አንተ ዝም ብለህ ተሳፈር» አለው ወንድም ጋሼ።

አሁን ልጁ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ነው። ለሕፃኑ አልጋ ራስጌ የሚሆነውን ሳንቃ ከየት አመጣው መሰላችሁ? ከአባታችን ቤት በር። ቤቱ ሲፈርስ የተረፈችው ያቺ አንዲት ሳንቃ ናት፤ ብትበላሽ ምትክ የላትም። እሷ ላይ ሁለት ወፎች ሊቀርጽ ተነሳ። ዛሬ ጠዋት ጎራ ብል ማሽኗ እያጓራች ነው፤ አንደኛዋ ወፍ ወጥታለች፣ የሁለተኛዋ አንገት ተጀምሯል።

ሳንቃዋ መሃሏ ጎበጥ ያለ ስለሆነ፣ እንዳትነሳ ብሎ በወፎቹ መካከል፣ ተቆርጦ በሚወድቀው ቦታ ላይ አንድ ተጨማሪ ብሎን አስሮባት ነበር። ሰጋቱራ ሸፈነውና ረሳው። መቁረጫዋ ከወፍ ወደ ወፍ ስትሻገር የብሎኑ ጭንቅላት ብልጭ ሲል ሁለታችንም እኩል አየነው። የማሽኗ ቀይ ማቆሚያ ቁልፍ እጁ ሥር ነበር። እሱ ግን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሁለት እጁን መሪ እንደያዘ ሰው ወደፊት ዘርግቶ ሲሚንቶውን ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠው! ማሽኗ ምን ገዷት፣ ትሄዳለች። ዘልዬ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀልኩት።

ፀጥ አለ። መቁረጫዋ ብሎኑን ልትነካ ጣት የማይሞላ ቀርቷት ቆማለች።

«ተረፍን!» አልኩ።

«ምኑን ተረፍነው፣ እታለም» አለኝ ፊቱ አመድ መስሎ። «መብራት ከጠፋባት የት እንደነበረች አታውቅም።»

ለካ ማሽኗ ሥራ የምትጀምረው ሳንቃዋ ጥግ ላይ በእርሳስ ከተሰመረ ምልክት ነው። እዚያው ነጥብ፣ እዚያው ከፍታ ላይ ካልተመለሰች፣ በፀጉር ያህል እንኳ ብትስት፣ ወፏ ሁለት አንገት ታወጣለች። ወንድም ጋሼ ስልኩን አነሳና አናጢው ጋ ደወለ። «ከሥራ ስትወጣ ጋሪ ይዘህ ናና ማሽኗን ውሰዳት። እኔ ከእንግዲህ እንጨት አልነካም።» ያ ግድግዳ የሚያይ ሰውዬ ተመልሶ ሊመጣ ነው!

«እሱ እስኪመጣ አንዴ እንሞክር» አልኩት።

«የመቁረጫዋን ከፍታ የምለካው በወረቀት ነው። ወረቀቱን ከሥሯ እያንቀሳቀስኩ ዝቅ አደርጋታለሁ፤ ቆንጠጥ ስታደርገው አቆማለሁ። በዚህ እጄ?»

«እኔስ? ተሳፋሪ ነኝ እንዴ?»

ፈገግታ ቃጣውና ተወው። ብሎኑን ፈትተን ሳንቃዋን ዳርና ዳሯን በመቆንጠጫ አጠበቅናት። እሱ ቁልፉን እየነካ መቁረጫዋን ምልክቱ ላይ አመጣት፤ እኔ ተንበርክኬ ወረቀቷን ወዲያ ወዲህ አደርጋለሁ።

«ያዘ?»

«አልያዘም።»

«አሁንስ?»

«ኧረ ቀስ በል!»

«አትተንፍሺብኝ!»

«ልሙት ታዲያ? ... ያዘ! ያዘ! ቁም!»

ማሽኗ ከመጀመሪያው ተነሳች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በጆሮው ይከተላታል፤ በተቀረጸው ላይ ስታልፍ ድምፅዋ ከወፈረ ስታለች ማለት ነው። እኔ እግሩን ነበር የማየው። አልወፈረም፤ አልወፈረም፤ አንገቷ ጋ፣ እንጨቱ ገና ባልተነካበት፣ እንደሚገባው ወፈረ። እግሩም አልተነሳም።

ማሽኗ ስትጨርስ ሁለታችን እየተቀባበልን ሳንቃዋን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስናት። እልል ልል ስል፣ «ገና ነው» አለኝ። «መጋጠሚያው ከተዛነፈ ዘይት ሲነካው ነው ጉዱ የሚወጣው።» የተልባ ዘይት በጨርቅ ነክሮ ራሱ ቀባት። ዘይት ለመቀባትስ የሚንቀጠቀጥ እጅም ይበቃል። ሳንቃዋ ጠየም አለች፣ የእንጨቱ ጅማቶች ብቅ ብቅ አሉ። ጨርቁ አንገቷ ላይ ደረሰ።

«የታለ?»

«ምኑ?»

«መስመሩ ነዋ!»

«የለም!»

«ደህና አድርገሽ እዪ እንጂ!»

«የለም አልኩህ፣ ወንድም ጋሼ!»

በርጩማው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ጨርቁን ጉልበቱ ላይ አጣጠፈና፣ «ግርጌውንስ ከምን እንሥራው?» አለኝ።

ግርጌውን! ሰማችሁ? ... ወይኔ፣ አናጢው! ስልኩ ቢደወል ቢደወል አይነሳም፤ ይኼኔ ጋሪ እያስጫነ ይሆናል። በሉ ልሩጥ፣ ከመንገድ ልመልሰው!