ማቀባበያው የማይከፈተው ጠመንጃ

መነፅር ሠሪውን የሰፈሩ ሰው «ጨፍኔ» ይለዋል። ሲያናግሩት ግራ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ያያል። የማያውቁት የናቃቸው ይመስላቸዋል፤ እሱ እቴ፣ የአፍንጫቸውን ስፋት መለካቱ ነው።

ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ግድግዳ ላይ ፈቃድ ያወጣባቸው አሮጌ የጦር ሜዳ ጠመንጃዎች ተሰቅለዋል። ተኩሶባቸው አያውቅም፤ ተኩስ ሲሰማም ይደነግጣል። አባዜው ሌላ ነው። የድሮ ሰዎች ሩቁን ለማቅረብ ብለው ጠመንጃ ላይ የገጠሙትን የሙከራ ማነጣጠሪያ ሁሉ ይሰበስባል፦ በርሜሉን የሚያህል የናስ ቱቦ፣ ምሽግ ውስጥ ተቀምጦ በመስተዋት የሚያሳይ፣ ሌላም ሌላም። ያልተሳካውን ደግሞ አብልጦ ይወዳል። ሚስቱ «የከሸፈ ነገር ትወዳለህ፤ እኔን ምን ጎድሎኝ አገባኸኝ?» እያለች ታሾፍበታለች።

ከሁሉም የሚሳሳው «ሙሽሪት» ብሎ ለሰየማት ነው። ለሙከራ ተሠርታ ሠራዊቱ የመለሳት ጠመንጃ ናት። መመለሱም አይፈረድበትም። ቱቦዋ ከማቀባበያው በላይ ስለተቀመጠ፣ ጥይት ለማጉረስ መጀመሪያ ቱቦውን በማጠፊያው ወደ ጎን ማጠፍ፣ ከዚያ ማቀባበል፣ ከዚያ ቱቦውን መልሶ ማቅናት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ እስኪሆን ቆሞ የሚጠብቅ ጠላት ከየት ይመጣል? አሁንማ ማጠፊያው ዝጎ ደርቋል። የማነጣጠሪያ ሰብሳቢዎች ደግሞ የደረቀ ማጠፊያ አያስገድዱም፤ ቱቦው ከተጣመመ መስተዋቱ ይሰነጠቃል፣ ያ መስተዋት ደግሞ ምትክ የለውም። ጨፍኔም አላስገደደም። ማቀባበያዋን ከፍቶ አያውቅም ማለት ነው። ከሟች አባቱ ዕቃ መካከል አውጥቶ የሸጠለት ሰው «ባዶ ናት» አለው፤ አመነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ሊጠይቃቸው መጣ። ዕድሜውን በጦር ካምፕ መሣሪያ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሲስቅ እንኳ በቁጠባ ነው። ጨፍኔ እንግዳውን እጁን ይዞ ወደ ጓዳ ወሰደው። ሙሽሪትን አወረደ፣ ሰደፉን ትከሻው ላይ አደላደለ፣ በመስኮቱ ወደ ጓሮ አነጣጠረ።

«ና እይ ጋሼ! እህትህ ልብስ እያሰጣች ነው። የጆሮ ጉትቻዋ ላይ ያለችው ፈርጥ ሳትቀር ትታያለች።»

አዛውንቱ ወደ ቱቦው አልቀረበም። መዳፉን አፈሙዙ ላይ ጭኖ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ዝቅ አደረገው።

«ማቀባበያውን ክፈት።»

«አይከፈትም። ማጠፊያው...»

«ታዲያ ባዶ መሆኗን በምን አወቅህ?»

«የሸጠልኝ ሰው ነግሮኛል።»

አዛውንቱ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ቀጭን የናስ ዘንግ አንሥቶ በአፈሙዙ ቁልቁል ለቀቀው። የቆመበትን በአውራ ጣቱ ይዞ አወጣና ከበርሜሉ ውጪ ለካው። ዘንጉ ከመጨረሻው አልደረሰም። የአንድ ጣት ያህል ጎደለ።

«አንድ ነገር አለበት» አለ።

«ጨርቅ ይሆናል። የደረቀ ቅባትም ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል። ጥይትም ሊሆን ይችላል። ጥይት ከሆነ ደግሞ መቺው መርፌ የት እንዳረፈ አላውቅም፤ በአጉል ብትነካ ትጮሃለች። ማጠፊያው ይቆረጥ።»

ጨፍኔ ሙሽሪትን አየ። እንዲህ ያለች ሌላ አይቶ አያውቅም፤ ሌላ ሰብሳቢ ዘንድ አለች ሲባልም አልሰማም። ለፖሊስ ቢነግር ይዘው ሄደው እንዳለች ያፈነዷታል። ዝም ብሎ መልሶ ቢሰቅላትስ? ይህን ማሰቡን እሱ ራሱ ታዘበው፤ አፈረበትም። ግን አሰበው።

ሚስቱ ባዶ የልብስ ሳፋዋን ይዛ ገባች። ሁለቱ ወንዶች ጠመንጃዋ ላይ እንዳጎነበሱ አገኘቻቸው።

«ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተ?»

«አልሞተም። ወደ ውጪ ውጪ» አላት ወንድሟ።

«ቤቴ ነው፤ አልወጣም» ብላ በሩ ላይ ቆመች።

ጨፍኔ አያት። ከዚያ ጠመንጃዋን የጠረጴዛው ሞርሳ መንጋጋ ውስጥ አሰረ፤ አዛውንቱ አፈሙዟ ፊት የአሸዋ ጆንያ ከመረ።

«እጄ እንደ ድሮው አይደለም፣ ይንቀጠቀጣል» አለ አዛውንቱ። «ያንተ ይሻላል። ሳትገፋ፣ ሴጌቶው በራሱ ይብላ።»

ጨፍኔ የብረት መጋዙን ይዞ መቁረጥ ጀመረ። ብረቱ ሲጮህ ጥርሱን ነከሰ። ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ ሊጠርገው አልደፈረም። ከማጠፊያው ሁለት እግሮች አንደኛው ሲቆረጥ ቱቦው ዘመም አለና ከውስጡ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ተሰማ። መስተዋቱ ነው። ምትክ የሌለው መስተዋት ተሰነጠቀ። እጁ አንድ አፍታ ቆመ። ከዚያ ሁለተኛውን እግር ቆረጠ።

አዛውንቱ ቱቦውን አንሥቶ ዞር አደረገና ማቀባበያውን ይዞ ቀስ ብሎ ሳበው። ዘመናት ያልተነካ ብረት ነው፤ እምቢ አለ፣ ከዚያ እሺ አለ። አንድ ጥይት ወጥታ መዳፉ ላይ አረፈች። እንዳለች፣ ከነአረሯ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ፤ ጨፍኔ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። አዛውንቱ ግን ጥይቷን ገልብጦ ወደ ብርሃኑ አስጠጋት።

«ቂጧ ተመትቷል» አለ። «ቃታው አንድ ጊዜ ተስቧል። ባሩዱ ከሽፎ ነው እንጂ...» አልጨረሰውም። «የድሮ ወታደር ይሆናል።»

ሚስትየዋ ወንድሟን አላየችውም። ባሏን ነበር የምታየው።

«አንተ ነህ?»

ዋሽቶ ሊያልፍ ይችል ነበር፤ ወንድሟ መውጫውን ሰጥቶታል። ጨፍኔ ግን በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። «የቃታውን ድምፅ ልስማ ብዬ... አንድ ቀን ጠዋት። ከዚያ ወዲህ አይሳብም።»

«ወዴት አነጣጥረህ?»

ዓይኑ ሳያዘው ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ከመስኮቱ ማዶ እሷ ያሰጣችው ነጭ አንሶላ ከነመቆንጠጫው ይወዛወዛል።

ሴትዮዋ ሳፋዋን መሬት አስቀመጠች። እሪ ትላለች ብሎ ሲጠብቅ እሪ አላለችም። ቀርባ ፊቱ ቆመችና አገጩን ይዛ ቀና አደረገችው። ግራ ዓይኑን እንደ ልማዱ ሊጨፍን ሲል፣

«ክፈተው» አለችው። «ሁለቱንም ከፍተህ እየኝ።»