ለጉሬዛ የተነፋው ጥሩምባ

አምና ክረምቱ ሊገባ ሰማዩ ማጉረምረም በጀመረበት ሰሞን ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ የእድር ጥሩምባ በሰማሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣል። ሰው ለቅሶ እየሄደ እኔ አፌን በጋቢ እሸፍናለሁ። ለሰው የማላዝን እንዳልመስላችሁ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የጫግኒ ልጅ ነኝ፤ የምተዳደረው አይሱዙ በመንዳት ነው። የዚያን ዕለት ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለ መንደር ከሰል ልጭን ሄድኩ። እዚያ አገር ገበሬው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ እንደ ሰብል ይተክላል፤ ሲደርስ ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል። ከሰሉ የአያ ደሴ ነበር። የቆየ ደንበኛዬ ናቸው። "ዝናቡ ሳይቀድምህ ድረስ" ስላሉኝ በጠዋት ገሰገስኩ። ያ መንገድ አንዴ ከረጠበ መኪና አያሳልፍም።

መንደሩ ልገባ ስል ጥሩምባ ተነፋ። በእኛ አገር ጥሩምባ ከተነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሞተሬን አጠፋሁ፣ ኮፍያዬን አወለቅሁ፣ ጋቢዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና በእግሬ ገባሁ። ሰዉ በየአጥሩ ሥር ዝም ብሎ ተቀምጧል። አያ ደሴም ከደጃፋቸው ቁጭ ብለው ማዶ ማዶ ያያሉ። ጎንበስ ብዬ "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አልኳቸው።

"ምን ሆንሁና ነው የሚያጸናኝ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ማን ነው የሞተው?"

"ኧረ ማንም አልሞተ! ውሻችሁን እሰሩ፣ ድምፃችሁን አጥፉ ተብሎ ነው የተነፋ። በል ቁጭ በል።"

ጎረቤታቸው እትዬ የሺ ውሻቸውን አቅፈው አፉን በነጠላ ጠምጥመውታል። ስቄ ነበር፤ ቆጣ ብለው ሲያዩኝ ተውኩት።

አያ ደሴ በጣታቸው አሳዩኝ። ከተቆረጠው ማሳ ማዶ ጥቂት ያረጁ ዛፎች አሉ። እዚያ ላይ አንዲት ጉሬዛ ተቀምጣለች። ደረቷ ላይ የተለጠፈው ነጭ ነገር የጥጥ ባዘቶ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ልጇ ነው። የጉሬዛ ግልገል ነጭ ሆኖ እንደሚወለድ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ወገኖቿ ያሉት ከወዲህ፣ በሐይቁ ደን ውስጥ ነው። ድሮ በዲከረንሱ ላይ ለላይ እየዘለሉ ይመላለሱ ነበር። ዛፉ ሲቆረጥ እሷ ከነልጇ ማዶ ቀረች። በመሬት ላቋርጥ ብላ በወረደች ቁጥር ውሻ እያባረረ ይመልሳታል፤ የቀደመው ቀን አንዱ ሊይዛት ለጥቂት ነው የሳታት።

"ዛፉን የቆረጥሁት እኔ፣ መንገዷን የዘጋሁት እኔ" አሉ አያ ደሴ። "አራሷን ውሻ ሲያባርራት ዝም ብዬ ልይ?"

"ጭነቱስ? ሰማዩን አያዩትም?" አልኩ።

"አየሁት። ከሰሉስ የኔው አይደል?"

ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ሰማዩ እየጠቆረ ሲመጣ በሆዴ ጉሬዛዋንም መንደሩንም ረገምኩ።

በመጨረሻ ወረደች። ጉቶ ላይ ወጥታ ዙሪያውን ቃኘች፤ ልጇን በአንድ እጇ ደገፍ አድርጋ መሮጥ ጀመረች። ማሳው መሀል ስትደርስ ነጎድጓድ ጮኸ። ደንግጣ ቆመች፤ ወደ ኋላዋም ዞረች። ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። እኔ የምቸኩለው ሰውዬ "እመቤቴ፣ አንቺው አሻግሪያት" ስል ራሴን ሰማሁት።

ተመልሳ ዞረችና ሮጠች። የደኑ ቅርንጫፍ ሲወዛወዝ እትዬ የሺ የውሻቸውን አፍ ለቀው እልል አሉ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው፣ ውሾቹም የታፈነውን ሁሉ አወጡት።

ዝናቡ ግን አልማረንም። ግማሹን እንደጫንን ወረደ። የቀረው ከሰል ፊታቸው ሲረጥብ አያ ደሴ አንዲት የምሬት ቃል አልወጣቸውም። መኪናዬም ገና ከመንደሩ ሳትወጣ ጭቃ ውስጥ ተቀበረች። መሪው ላይ ተደፍቼ ሳለ ጥሩምባው እንደገና ተነፋ። አሁን የተነፋው ለእኔ ነበር። ላስቲክ የተከናነበ ሰው ከየቤቱ ግር ብሎ ወጣ፤ ድንጋይ አነጠፉ፣ ገፉ፣ አወጡኝ። እትዬ የሺ ጭቃ በጭቃ ሆነው "አንተም እንደሷ ተሻገርህ" ብለው ሳቁብኝ።

ሰውን ለመቅበር የሚጠራ ጥሩምባ፣ ለአንዲት የዱር እናትና ለአንድ መንገደኛ ሾፌር ሲጠራ አየሁ። እነዚያን ሰዎች እወዳቸዋለሁ።

በቀደም አያ ደሴ ደወሉልኝ። "ስትመጣ ኸእንጅባራ ችግኝ ጫንልኝ" አሉኝ።

"ዲከረንስ ነው?"

"የለም፣ ኮሶና ጥድ ነው። ያች በሮጠችበት መስመር የማይቆረጥ ልተክልበት።"

ዕድሜዬን ሙሉ የተቆረጠ ስጭን የኖርኩ ሰው ነኝ። የሚተከል ስጭን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ቀኑ እስኪደርስ ቸኩያለሁ።