በጭራሮው ማዶ የነበሩት ዶሮዎች

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ለሥጋ ዶሮዎቿ መኖ ገዝታ ስትመለስ በእኔ ቤት በኩል አለፈች። ዶሮ የተሣለባት አንዲት ከረጢት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «ጠቃሚ ባክቴሪያ ነው አባዬ፤ ከውኃቸው ጋር ይበጠበጣል። ሆዳቸውን ያስተካክላል ይላሉ» አለችኝ። የከረጢቷን አፍ ከፍቼ አሸተትኩ። ጠረኑ ቁርጥ አሬራ ነው። አሬራ ከሸተተኝ ደግሞ፣ እግሬ ባይሄድም፣ ልቤ ሰቆጣ መሄዱ አይቀርም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን እንደጨረስኩ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ተብዬ ከሰቆጣ ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ወደምትርቅ መንደር ተላክሁ። ስደርስ ማሽላው ራሱን ደፍቶ ነበር። ማሽላው ሲታጨድ አገሩ ነፋስና ድንጋይ ብቻ ሆነብኝ። የተከራየሁት ከእማማ ብርቄ ነው። ባላቸው ሞተው፣ ልጆቻቸው ለሰሊጥ ሥራ ቆላ ወርደው የቀሩባቸው ሴት ናቸው። የእሳቸውን ቤትና የእኔን ክፍል የሚለየው ስስ የጭቃ ግድግዳ ነበር፤ ሳል እንኳ አይደብቅም።

ማዕዳቸው በቀረበ ቁጥር በግድግዳው በኩል «ልጄ፣ እንብላ!» ይሉኛል። እኔም «አሁን በላሁ፣ እማማ፤ ይብሉ» እላለሁ። እሳት ሳላነድ እኮ ነው! በሬን ዘግቼ ደረቅ እንጀራ በበርበሬ እበላ ነበር። ኩራት አልነበረም። አብሮ መብላት ያላምዳል፣ የለመዱትን ሰው ትቶ መሄድ ደግሞ ይከብዳል ብዬ ነው። እኔ የምፈልገው መሄድ ብቻ ነበር።

የመሄጃዬ ተስፋ አርባ የሥጋ ጫጩቶች ነበሩ። አለቃዬ በመኪና አስመጥቶ ሰጠኝና «መድኃኒት ለማይደርስበት አገር፣ ባገር ቤት ነገር ዶሮ ማፋፋት እንደሚቻል አሳየኝ፤ ከተማ አዛውርሃለሁ» አለኝ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ እኔም ከዶሮዋ ባልተሻለ አእምሮ አመንኩት። የጫጩቶቹን ቤት በጭራሮ ለሁለት ከፈልኩት። በቀኝ ላሉት ሃያ ጫጩቶች ነጭ ሽንኩርትና ጦስኝ አድርቄ፣ ፈጭቼ ከመኖአቸው ጋር እቀላቅላለሁ፤ ውኃቸው ላይም ከእማማ ብርቄ ላም የተገኘ አሬራ ጠብ አደርጋለሁ። ለግራዎቹ ያው መኖና ውኃ ብቻ። ቅዳሜ ቅዳሜ እመዝናቸዋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ቀኞቹ በግልጽ ቀደሙ። ከደስታዬ ብዛት ልብሴን በሻንጣ ማጣጠፍ ጀመርኩ።

ከዚያ ለሥልጠና ሰቆጣ ተጠራሁ። ዶሮዎቹን ለእማማ ብርቄ አደራ ብዬ፣ የቀኙንና የግራውን አሳይቼ ሄድኩ። ከአሥር ቀን በኋላ ስመለስ እሳቸው ጭራሮው ሥር ተቀምጠው፣ ዶሮዎቹን በአገውኛ እያጫወቱ፣ የግራዎቹ ገንዳ ላይ አሬራ ሲያንቆረቁሩ ደረስኩ። የሽንኩርቱ ዱቄትም ጣሳው ውስጥ አልቋል።

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

«መጣህ ልጄ? እንግዲህ ምን ላድርግ፣ እነዚያ ሲበሉ እነዚህ በጭራሮው እያጮለቁ ያያሉ። ዓይን ለዓይን እየተያዩ አንዱን አብልቶ አንዱን መተው ነውር አይደለም?»

«ሥራዬን እኮ አበላሹት! ከዚህ አገር የምወጣው በእነዚህ ነበር!»

ጭልፋቸውን አስቀመጡ። «አገሩ ምን አደረገህ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ሁለተኛ ዶሮዎቼ ጋ እንዳይደርሱ!» ብዬ፣ እናቴን በሚያህሉ ሴት ፊት በሩን በኃይል ዘጋሁ። አሁንም ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

ቅዳሜ ስመዝን ግራዎቹ ቀኞቹ ላይ ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም። አሬራውና ሽንኩርቱ እንደሚሠሩ በገዛ ዓይኔ የማየው ማስረጃ ነበር፤ ንዴቴ ጋረደኝ እንጂ። ለአለቃዬ እውነቱን ጽፌ ላክሁ። ለጉብኝት ሲመጣ ሳቀና «ማወዳደሪያ የሌለው ሙከራ ምን ያደርግልኛል?» አለ። ሁለት ዓመት እዚያው ቆየሁ።

ከዚያች ቀን ወዲህ ግን ከግድግዳው ማዶ «እንብላ» የሚል ድምፅ ቀረ። ሰላምታቸው እንደ ድሮው ነው፤ እንግዳ መሆኔ ግን ያኔ ተሰማኝ። የመሶባቸው ክዳን ሲነሳ እሰማለሁ፤ ቁራሼን ይዤ እጠብቃለሁ፤ ዝም ነው። አንድ ቀን ሽሮ ሠርቼ፣ ድስቱን ይዤ እስከ በራቸው ደረስኩና ተመለስኩ። ይቅርታ ከመጠየቅ ይልቅ ብቻዬን መብላት ቀለለኝ።

ዝውውሬ በመጨረሻ ሲመጣ ማልደው ተነሥተው ስንቅ ይዘው ጠበቁኝ፤ በጨርቅ የተቋጠረ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል። «ብቻህን እንዳትበላው» አሉኝ። መኪናው ውስጥ አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ በላሁት። እማማ ብርቄን ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ልጄ ባለፈው ቅዳሜ ከቤቴ ልትወጣ ስትል «ሻጩ መጀመሪያ ለግማሾቹ ሰጥተሽ ሞክሪ ብሎኛል» አለችኝ።

«እንዳይተያዩ አድርጊ» አልኳት። ሳቀች፤ ቀልድ መስሏታል። ከዚያ በሩን ይዛ «ምሳ በልተሃል አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ።

እናቷ ከሞተች ወዲህ ምድጃው የሚነደው በስንት ቀን አንዴ ነው። «አሁን በላሁ» አልኳት።

እማማ ብርቄ በዚያ ግድግዳ በኩል ይህን ውሸቴን ስንት ጊዜ ሰምተው፣ ስንት ጊዜ እንዳልሰሙ ሆነው መልሰው ጠርተውኛል። ልጄ ግን አምናኝ ሄደች።